የመኮንኑ ግራ ጉንጭ

ልጅ ሳለሁ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የምንሰማው ከአያቴ ከአባባ ይማም ነበር። ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ ኩራዙ ጭሱን ወደ ጣሪያው እየተፋ፣ እሳቸው ስለ አንድ ወታደር ያወሩልናል። ጫማውን፣ ቀበቶውን፣ የበቅሎውን ኮርቻ ሳይቀር ይነግሩናል፤ ፊቱን ግን አይነግሩንም። ፊቱስ ስንላቸው፣ የምትወዱትን ሰው ፊት እናንተ ስጡት ይሉናል። ያኔ እኔ ሁልጊዜ የአባቴን ነበር የምሰጠው። እህቴ የአጎታችንን ሰጥታው ተቧጭረናል እኮ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ኮሮና ነው። ያኔ የልጅ ልጅ አይቼም ኩዌት፣ ሱራ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። የአሠሪዬ የማዳም አባት በዚያ በሽታ ሞቱ። ጡረታ የወጡ መኮንን ነበሩ፤ ሆስፒታል ገብታ እንኳ አልተሰናበተቻቸውም። ከዚያ ወዲህ መልካቸውን በእጄ ካልሳልኩ አለች። እጇ ግን ገና ነበር። በስልክ የምታስተምራት ሴት መጀመሪያ የድሮ ሥዕል ገልብጪ ስላለቻት፣ ከመጽሐፍ ላይ አንድ የጥንት የፈረንጅ ጄኔራል መረጠች፤ ኮቱ ቀይ፣ ደረቱ ሙሉ ኒሻን።

ሥዕሉንም ሸራውንም በመስመር ከፋፍላ፣ አንዷን ክፍል ስትጨርስ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች። ጨለማው ይቀድማል፣ ብርሃኑ መጨረሻ ነው። እኔ ብሩሹን ቀለም በሚያስለቅቀው በአኳራጅ እያጠብኩ፣ በማድ ቤት ዐረብኛዬ የአባባን ተረት አወራላታለሁ። ኮቱ አማረላት፤ ጉንጩ ግን እምቢ አላት። ይህ ጉንጭ ከሆነልኝ የአባቴን እጀምራለሁ ትላለች፤ ታጠፋለች፣ ትመልሳለች።

በመጨረሻ ሆነልኝ አለች። በማግስቱ በጣቴ ጫፍ ብነካው እርጥብ ነው፤ በሦስተኛውም ቀን እርጥብ ነው። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ እንደሚደርቅ ማን ነግሮኝ? እኛ ዘንድ የረጠበ ነገር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልርዳት ብዬ ጣሪያው ላይ ካሰጣሁት አንሶላ ጎን አቆምኩት። ከሰዓት በኋላ ጉባር የሚሉት የአቧራ ነፋስ ተነሣ። ሮጬ ስደርስ ጄኔራሉ ጉንጩ ላይ አሸዋ ለጥፎ የዳቦ ቅርፊት መስሏል። በሻሼ ብጠርገው ባሰ፤ ጉንጩ ተጎትቶ ጆሮው ጋ ደረሰ።

አቅፌው ወረድኩ። ታባርረኛለች ብዬ አልፈራሁም፣ ወላሂ። ተስፋ ቆርጣ ብሩሹን ብትጥለውስ፣ አባቷ ሳይሳሉ ቢቀሩስ ብዬ ነው።

ማዳም ሥዕሉን አየችው። ቀና ብላ እኔን አየች፤ እንባዬ በፊቴ ይወርዳል። ልጠርገው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ኻላ ዘሀራ፣ ተዪው። መስኮቱ ጋ ተቀመጪልኝ» አለችኝ፤ ኻላ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ምን ልሁን ብዬ?»

«መጽሐፉ ላይ ያጣሁት ይሄን ነው። ብርሃን ያረጀ ጉንጭ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ።»

በማግስቱ አዲስ ሸራ አቆመች። ልትስልበት ባወጣችው ፎቶ ላይ የአባቷን ግራ ጎን የቆባቸው ጥላ ውጦት ነበር፤ ያን ጎን ከእኔ ወሰደችው። ስንት ጠዋት ተቀመጥኩላት። ላውራ ስል ጉንጭሽ ቦታውን ለቀቀ እያለች ትቆጣኛለች። ዝም ማለት እንዴት ያለ ሥራ ነው።

ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላ ወንድሞቿ መጡ። ሥዕሉ ፊት ቆመው ቁርጥ አባታችንን ብለው አለቀሱ። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማዳም አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ምን ተረፈሽ ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ሱራ፣ አንድ ትልቅ ሳሎን ውስጥ፣ የተከበሩ መኮንን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ግራ ጉንጫቸው የእኔ ነው።