መርፌው እስክስታ ሲመታ

ዌስትላንድስ ሰፈር መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ የመኪናዬን ፍሬቻ ሳበራ የነዳጅ ቆጣሪው መርፌ ዘለለ። ሳቄ መጣ።

ልጅ ሳለሁ አባዬ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ ቫን ነበረችው። ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ልንሄድባት ስንል ውስጧን ሳይቀር ራሱ ቀለም ቀባት። ከዚያ በኋላ ፍሬቻ ባበራ ቁጥር የነዳጅ መርፌዋ እስክስታ ትመታ ጀመር፤ እኔና እህቴም ከኋላ ሆነን አብረናት።

አባዬ ቆጣሪውን ሁለቴ ፈታትቶ «ጉዞው ይቅር» ሲል፣ እማዬ ከመሪው ስር አጎንብሳ፣ «ይሄ ጥቁር ሽቦ ብረቱን መች ነካ? ቀለምህ ላይ ነው ያሰርከው፤ ኤሌክትሪኩ በምን ይለፍ!» አለችው።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ፣ «ላሳምር ብዬ አበላሸሁ» አለ። እኛ ልጆቹ ነገሩ አልገባንም፤ ሽቦው ብረቱን ሲነካ መርፌው ጭፈራውን ትቶ ቀጥ ማለቱ ግን አስለቀሰን።

መኪናዬን ነገ ጋራዥ እወስዳታለሁ። ዛሬ ፍሬቻውን ሳላጠፋ ትከሻዬን ለእስክስታ ለቀቅኩት፤ ከጎኔ የቆመው የማታቱ ሚኒባስ ሹፌር አየኝና በክላክሱ ያጅበኝ ጀመር።