ሁለት ባለቤት ያገኘው ጆንያ

ቦንጋ፣ ሊነጋጋ ሲል

በደርግ ጊዜ የሹፌር እንቅልፍ እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ ቦንጋ ገና አልነጋም፤ ጉሙ ከደኑ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ የፊት መብራቴ ከአፍንጫዬ አልፎ አያሳይም። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የጭነት መኪናዬ ኤንትሬ ናት፤ ያረጀች ብትሆንም ጨዋ ናት። ቡና እስከ አፏ ተጭናለች፤ ላይዋ በሸራ ተሸፍኗል፤ የጭነቱ መሸኛ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። እናንተ ዛሬ በአስፋልት ሽው የምትሉ አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ከቦንጋ ጂማ ማለት ድንጋይና ጭቃ ማለት ነበር።

ረዳቴ ተማም ይባላል፤ የጂማ የሄርማታ ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል፤ እኔን መቆጣትም መብቱ ይመስለዋል። ጭነት ሲጫን ከጎን ቆሞ እያንዳንዱን ጆንያ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ይህ የረዳት ዋና ሥራ ነው። ከመሸኛው ውጪ አንድ ጆንያ ቡና ይዞ ኬላ ላይ መገኘት ኮንትሮባንድ ነው፤ የቡናው ባለቤት ወህኒ ይወርዳል፤ ባለቤት ከጠፋ ደግሞ ሹፌሩ ይወርዳል። ስለዚህ ተማም ሲቆጥር ማንም አያናግረውም፣ እኔም ጭምር።

ጎጀብ

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰትን ወረድን። ከድልድዩ ማዶ ካለችው ደሳሳ ሻይ ቤት ሻይና ቦንቦሊኖ በስሙኒ ቀማመስን። ባለ ሻይዋ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ዛሬ ዝናብ አለ አለች። በታኅሣሥ? ብዬ ሳቅሁባት። ተማም አልሳቀም፤ ሄዶ የሸራውን ገመድ እንደገና አጠበቀ።

ሸቤ፣ ረፋዱ ላይ

ሸቤ ስንገባ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መሐል መንገዱን ዘግተዋል። ጥሩምባ ብነፋ፣ ብነፋ፣ ንቅንቅ የሚል የለም። ደሜ ፈላ። ልሳደብ አንገቴን በመስኮት ሳወጣ ቃሬዛው ላይ የተኛችውን ሴት አየሁና ስድቡን ዋጥኩት።

ስሟ ዘሀራ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ምጥ የያዛት ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ልጁ አልወጣም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ጂማ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም ብሏል። ከራስጌዋ የቆመው ቀጭኑ ሰው ባሏ ነዚፍ ነው። የሰው ቡና እየለቀመ ያድራል እንጂ የራሱ አንድ ግንድ ቡና የለውም። ለምኖኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይን ዓይኔን ብቻ ያየኛል።

ቡና በጫነ መኪና ሰው መጫን ክልክል ነው። ተማምን ዞሬ አየሁት።

"እኔን ምን ታየኛለህ? ጋቢናውን ክፈት እንጂ" አለኝ።

ዘሀራና ታላቅ እህቷ ጋቢና ገቡ፤ ነዚፍና ተማም ከላይ ሸራው ላይ ወጡ።

ከሸቤ ወዲህ

ሻይ ሻጯ አልዋሸችም። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ግራና ቀኝ ደጃቸው ላይ ቡና ያሰጡ ሴቶች ሰሌናቸውን እየጠቀለሉ ይሯሯጣሉ። ቀዩ መንገድ ሳሙና ሆነ። አንድ ዳገት ልንጨርስ ትንሽ ሲቀረን የኋላ ጎማዬ ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ይብስ ይሰምጣል። ዘሀራ ነጠላዋን ነክሳ ታቃስታለች፤ እህቷ በኦሮምኛ አላህን ትለምናለች። ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሴት ጋቢናዬ ውስጥ ልትሞትብኝ ነው።

ጭነቱ ሳይቀልላት መኪናዋ እንደማትወጣ ገባን። ተማም ወደ መንደሩ ተጣራ፤ መንደሩም ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሰፊ የሣር ቤት የአባ መጫ ነው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ከዘራቸውን ጭቃ ውስጥ ተክለው የሚያዝዙ ሽማግሌ ናቸው። ቡናው እንዳይረጥብ ከቤቴ ክዳን ሥር ደርድሩት አሉ። ሰዉ ጆንያውን በትከሻው እየተሸከመ ከግድግዳቸው ጥግ ደረደረ። አንድ አፉ በቃጫ የታሰረ ጆንያ ቀድሞም እዚያ ቆሞ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ልብ ግን አላልኩትም።

ከጎማው ሥር ድንጋይና የቡና ገለባ ተደፋ። ሰዉ ከኋላ "ሆ!" ብሎ ገፋ፤ መኪናዋ አጉረመረመችና ወጣች። ወዲያው ጆንያው እየተቀባበለ ተመልሶ ተጫነ። ተማም ያን ሰዓት ከመኪናው ሥር ተኝቶ ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ጭቃ ይቆርጣል። የቆጠረ ሰው የለም። አባ መጫ በመስኮቱ ብቅ ብለው ዘሀራን መረቋትና ሂዱ አሉን።

ኬላው

ወደ ጂማ መግቢያ ካለው ኬላ ስንደርስ ሊመሽ ነው፤ ኬላው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ዘሀራ ማቃሰቷን ትታለች። ይኸኛው ዝምታዋ ከጩኸቷ የባሰ አስፈራኝ።

የኬላው አለቃ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ነው። መሸኛውን አየ፤ ከዚያ ሸራውን ግለጡ አለ። ተማምና ነዚፍ ገለጡት። ጆንያዎቼ ሁሉ ቀይ ምልክት አለባቸው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው አንዱ ግን ምልክት የለውም፤ አፉም በቃጫ ታስሯል። ከአባ መጫ ግድግዳ ጥግ ቆሞ ያየሁት ጆንያ ነው።

"ይሄ የማን ነው?" አለኝ።

ሴትዮዋ ልትሞት ነው ብዬ ለመንኩት። ጋቢናውን አየ፤ ፊቱም ትንሽ ተለወጠ። ግን እሱንም የሚቆጣጠሩ አሉበት። ባለቤቱ ይቅረብና መኪናው ይለፍ፣ ካልቀረበ ማንም ከዚህ አይነቃነቅም አለ።

የእኔ ነው ብል መኪናዋም እኔም እዚያው ቀረን፤ ተማም መንዳት አይችልም፤ ዘሀራ አለቀላት። የአባ መጫ ነው ብል ነገ ጠዋት ሄደው ሽማግሌውን አስረው ያመጣሉ፤ ለችግራችን ቤታቸውን የከፈቱልንን ሰው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚያ ግን ዝም ማለትም ሰው ይገድላል። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነዚፍ ከላይ ዘሎ ወረደ።

"ካን ኮቲ" አለ። ቀጥሎ ለአለቃው እንዲገባው በአማርኛ ደገመው፤ "የእኔ ነው።"

አለቃው የተቀደደ ሱሪውንና ባዶ እግሩን አየ። "አንተ? ይህን ሁሉ ቡና ከየት አመጣኸው?"

"ለቅሜ።"

ወደ ጋቢናው እንኳ አልቀረበም፤ ዘሀራ እንዳታየው መሰለኝ። ሲወስዱት በእጁ ብቻ ሂድ፣ ሂድ አለኝ። ሄድኩ። የጂማ መብራት እስኪታየኝ ድረስ ተማም ከጎኔ ተንጠልጥሎ እየተሳደበ ያለቅሳል፤ የሚሳደበው ራሱን ነው።

ጂማ፣ በማግስቱ

ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀብሎ ቀዶ ጥገና አደረገላት። ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ጠዋት ገብቼ ሳያት በደከመ ድምፅ ነዚፍስ? አለችኝ። ከኋላ ይመጣል ብዬ ሸሸሁ። ቡናውን መጋዘን አራገፍንና ባዶ መኪናዬን ይዤ ወደ ኬላው ተመለስኩ። ቢያንስ አባት መሆኑን ይስማ ብዬ ነው።

ኬላው በር ላይ አባ መጫ ቆመዋል። ማታ ጆንያቸውን ከቦታው ቢያጡት ምን እንደሆነ ገብቷቸው፣ ሳይነጋ ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ቡናው የእኔ ነው፣ ሰውየውን ልቀቁት እያሉ ነው። አለቃው ነዚፍን አስጠርቶ መሐላቸው ቆሟል።

"ትናንት በስንት መከራ አንድ ባለቤት ያገኘ ጆንያ ዛሬ ሁለት ባለቤት አገኘ" አለ። ወደ ነዚፍ ዞረና "እኚህን ሽማግሌ ታውቃቸዋለህ?" አለው።

"አላውቃቸውም" አለ ነዚፍ።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ፈቃድም ሳልጠይቅ ዘሀራ ደህና ናት፣ ሴት ልጅ ወልዳለች አልኩት። ነዚፍ ባለበት ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ተነሣና አላውቃቸውም ላላቸው ሽማግሌ በኦሮምኛ ተናገረ። ሆስፒታል እህቷ እንጂ ሌላ ሰው የላትም፣ እባክዎ ይሂዱላት፣ አለ።

አባ መጫ እምቢ አሉ። ከዘራቸውን መሬት እየመቱ ቡናው የእኔ ነው፣ በኬላው የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ አሉ። አለቃው ግን የነዚፍን ስም ማታውኑ ለበላዮቹ አስተላልፏል፤ አሁን ሌላ ስም ቢልክ ራሱ ይጠየቃል።

"ለአንድ ጆንያ አንድ ሰው ይበቃኛል" አለ፣ ዓይኑን ከሽማግሌው አሽሽቶ። "አባት፣ መኪናው ላይ ይውጡና ይሂዱልኝ።"

ተማምና እኔ ደግፈን ጋቢና አስገባናቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ ዘሀራ ልጇን ታቅፋ ነቅታለች። በሩ ሲከፈት ነዚፍ መስሏት ቀና አለች። የገቡት ግን ነጭ ጢም ያላቸው፣ ጭቃ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ግራ ተጋብታ እኔን አየችኝ። ነዚፍ የት ነው? አለች እንደገና። አባ መጫ አልጋው አጠገብ ሄደው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አስተኙና ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣" አሏት፣ "ባልሽ እኔን ሆኖ ነው የታሰረው።"