የሺ ያልበላችው ቅቤ

በ2007 ዓ.ም. ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለልጆቼም፣ ለነፍስ አባቴም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሕፈቴ ይንጋደዳል፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ባለቤቴን የሺን ቅቤ ከለከልኋት፣ ሐኪሙን በላች ብዬ ዋሸሁት። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የመከረኝም ያስገደደኝም የለም።

የሺ ሆዷን ከታመመች ከርማ ነበር። የበላችው አይረጋላትም፤ ተቅማጡ ሲጥላት፣ ሥጋዋ ሲያልቅ፣ ቀሚሷ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሆነ። ከመንደራችን ከጎብዬ ወደ ቆቦ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አንጀቷ ቅባት መውሰድ አለመውሰዱን ልይ አለ። ለሦስት ቀን፣ በየዕለቱ፣ በሰጠኝ ስኒ ልክ ቅቤ ትበላለች፤ በእነዚያ ቀናት ከእሷ የሚወጣው ሰገራ ምንም ሳይቀር ክዳን ባለው ባልዲ ይጠራቀማል። አንጀቷ ካልወሰደው ቅባቱ ሰገራው ውስጥ ይገኛል፤ ያኔ በሽታዋን አውቄ አክማታለሁ አለ። ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብል ሌላ ውሸት ነው።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። የነፍስ አባታችን «ለታመመ መድኃኒት ነው፣ ትብላ» ብለው ፈቅደዋል። ያልፈቀድሁት እኔ ነኝ። በሰፈሩ ጾም የሻረ ሲገኝ ሰው ፊት የምዘልፈው እኔ ነበርሁ፤ ታዲያ ከእኔ ቤት የቅቤ ሽታ አጥር ዘሎ ቢሄድ ማን ያከብረኛል? ስለ እግዚአብሔር ብዬ ነበር? አልነበረም። ስለ ስሜ ብዬ ነው።

«አንቱ፣ ቄሱ እኮ ፈቅደዋል» አለችኝ የሺ።

«ቄሱ ለቤታቸው ይፍቀዱ።»

«እንግዲያ ባልዲውን ለምን ያስሞሉኛል? ሽሮዬን ሊመረምሩልኝ ነው?»

ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን ከያዝሁ አልለቅም።

ቅቤው እንዳይባክን በየማታው ራሷን ቀባኋት። በአፏ እስካልገባ ጾም አልተሻረም አልሁ። በሐኪሙ ስኒ እየሰፈርሁ ቀባኋት። ሰገራዋንም ጠብታ ሳላስቀር አጠራቀምሁ። ለባልዲው ታመንሁ፤ ለሚስቴ አልታመንሁም። ይህ ምን የሚሉት ታማኝነት ነው?

ቀኑ ሲሞላ ባልዲውን በኩታ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣን።

«አባባ፣ ማር ነው?» አለኝ ረዳቱ።

«ብትቀምሰው ታውቀዋለህ» አልሁት።

ሐኪሙ ባልዲውን ከተቀበለኝ በኋላ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ። «አባባ፣ እማማ ቅቤውን በሙሉ በልተውታል?»

«በልታዋለች። እኔው ራሴ ነኝ ያበላኋት።»

የሺ መሬት መሬት አየች። ሐኪሙ ሆዷን ሊዳስስ ጎንበስ ሲል ቅቤው ሸተተው። «እማማ፣ ራስዎም ደርሶታል ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሽታ ምስክር ሆነልኝ።

ውጤቱ በኋላ ሲመጣ ሰገራው ይህ ነው የሚባል ቅባት አልተገኘበትም። ያልበላችው ከየት ይገኝ? ሐኪሙ አንጀቷ ቅባት ይወስዳል ብሎ በሽታዋን ሌላ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ከረመ። እኔን አምኖ ነው። የሺ ክረምቱን አልዘለቀችም። ቢታወቅ ኖሮ ትድን ነበር? እሱን አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን አውቃለሁ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ፍታኝ አልልህም። ያልተማረ ሽማግሌ ነበር፣ ጾም አክባሪ ነበር ብለህም አታስተባብልልኝ። የምመለስበት ጊዜ ነበረኝ። በዋሸሁ ማግስት፣ ጠዋቱን፣ ነበረኝ።

ያን ጠዋት ውኃ አሞቅሁ። ማኅበርተኞቼ ሊጠይቋት ይመጣሉና ቅቤው እንዳይሸታቸው ራሷን አጠብሁ። ፀጉሯን ወደ ፊት ስመልሰው የአንገቷ አጥንት አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች፣ ቀና ሳትል፣ «ቆቦ እኮ ሩቅ አይደለም» አለችኝ። «ዛሬ ሄደው ቢነግሩትስ?»

«ከፋሲካ በኋላ» አልኋት።

ቅቤው በውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ሳፋውን ተሸክሜ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። የጎረቤት ውሻ መጥቶ ይልሰው ጀመር። ቆሜ አየሁት፤ አላባረርሁትም።