ለክር ሰላምታ የሚመልሰው ሰውዬ

በሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት ያረጁ የቴፕ ክሮችን የሚያድነውን ቴክኒሻን ሁሉም «ጋጋሪው» ይለዋል። እርጥበት ያጣበቀውን ክር በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለስለስ ባለ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ያደርቃል፤ ከዚያ አንዴ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል። ክሩ እየተላጠ ስለሚያልቅ ሁለተኛ ዕድል የለም። ክሮቹን በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር የከመሩት አለቆች ግን ዛሬም ፎቅ ላይ ሆነው ስለ ቅርስ ይሰብካሉ። አያፍሩም።

እሱ እቴ፣ መናደድ አያውቅም። የጋዋኑ እጅጌ በክር ብናኝ ቡናማ ሆኗል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ዜና አንባቢ ከክሩ ውስጥ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ ጠዋትም ቢሆን ቀና ሳይል «ይመስገን፣ አንተስ?» ይላል። ቤቱ ሰላም የሚለው ሰው ይኑር አይኑር የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ትናንት አንዲት ሴት የሟች እናቷ ድምፅ ያለበትን ብቸኛ ክር ይዛ መጥታ በሩ ላይ ዋለች።

«አልደረሰም?» አለች ለአራተኛ ጊዜ።

«እህቴ፣ ዳቦ እንኳ እንዲህ አይነዘነዝም።»

ወደ ማታ ክሩ ዞረ። መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ፤ ቀጥሎ አንዲት ቆጣ ያሉ ሴት ተሰሙ። «ማነው ደግሞ ይሄን ነገር የከፈተው? አጥፉት ብያለሁ።»

ሴትየዋ ሳቋ አመለጣት። «እሷው ናት። መቀዳት አትወድም ነበር።»

ጋጋሪው እንደ ልማዱ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እማማ፣ ዛሬስ አልታዘዝዎትም» አለና ድምፁን ከፍ አደረገው።