የሆሴዕ ላምቤቦ አራት ደቂቃ

ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ሃምሳ አለቃ ሆሴዕ ላምቤቦ የበረራ ሪፖርቱን ሞልቶ ሲያበቃ አንድ ቦታ ባዶውን ተወው። «በበረራው ወቅት የታየ ልዩ ነገር» ከሚለው ሥር ብዕሩን አሳረፈና መልሶ አነሣው።

ሆሴዕ በቅኝት አውሮፕላን ላይ የካሜራ ባለሙያ ነበር። በዚያ ቀን ከደቡብ ድንበር ሲመለሱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በግራ በኩል አንድ ነገር አየ። እንቁላል የመሰለ፣ ግራጫ፣ ክንፍም ጭስም የሌለው። ነፋሱ ወደ ምዕራብ እየነፈሰ እሱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አራት ደቂቃ በካሜራው ተከተለው፤ ከዚያ ሽቅብ ወጣና ጠፋ። አብራሪው ሻምበል ሱራፌልም አይቶታል። መሬት ሲወርዱ ግን ትከሻውን ይዞ «ተወው ሆሴ» አለው። «ከጻፍነው ሐኪም ዘንድ ነው የሚልኩን። እኔ ደግሞ ከመብረር ሌላ ሙያ የለኝም።»

ሆሴዕ ተወው። ምስሉም እንደማንኛውም ምስል በሦስተኛው ወር ተደመሰሰ።

በአምስተኛው ወር ልቡ ደከመና በሕመም ተሰናበተ። ሆሳዕና ተመልሶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሬዲዮና የውሃ ፓምፕ መጠገን ጀመረ። እጁ የታመነ ነበር፤ ራቅ ካለችው ከሞርሲቶ ከተማ ሳይቀር ፓምፕ ተጭኖ ይመጣለታል።

በ2016 ጥር ላይ ጠና መጣ። ጠና የዱራሜ ልጅ ነው፤ በሌላ አውሮፕላን ላይ እንደ ሆሴዕ ካሜራ ይይዝ ነበር። ከሆሴዕ ሁለት ወር በኋላ እዚያው አካባቢ ያንኑ ነገር አየና ጻፈው። በመጻፉ ከበረራ ታግዶ ዓመት ሞላው። ሆሴዕ ይህን ከጅምሩ ሰምቷል፤ ሰምቶም ዝም ብሏል።

«የሐኪሞች ቦርድ የካቲት 5 ማክሰኞ ይቀመጣል» አለ ጠና። «ሌላ ያየ ሰው ካለ ጽፎ ይስጥ፣ የሚያውቀው አካል ማኅተም ያድርግበት ብለዋል። አንተም አይተሃል ሲሉ ሰማሁ። ዋሽተዋል?»

«አልዋሹም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ወንድሜ?»

ሆሴዕ በዚያው ቀን ሁለት ገጽ ጻፈ፤ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ የነፋሱን አቅጣጫ። መጨረሻው ላይ «ምን እንደሆነ አላውቅም» አለ።

ቀበሌው «በማናውቀው ነገር ላይ ማኅተም አናደርግም» ብሎ መለሰው። ሚስቱ ገነቴ ወረቀቱን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰደችለት፤ ሽማግሌው ጋሽ ተረፈ ከልጅነቱ ያውቁታልና። ጋሽ ተረፈ በደስታ ተቀበሉ። ጸሐፊዋ ርብቃ በኮምፒውተር አሳምራ ጻፈችው፤ ማኅተም ተደርጎበት እሑድ ጠዋት ለፊርማ ቀረበለት። አነበበው። «ምንነቱን የማላውቀው ነገር» ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ሁሉ «የእግዚአብሔር መልአክ» ሆነዋል።

«ርብቃ፣ ይህን ማን አለሽ?»

«ውይ ወንድም ሆሴዕ፣ አላውቅም ብለህ ተውከው እኮ። እኔ ሞላሁልህ።»

ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኘም። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ጋሽ ተረፈ «ወንድም ሆሴዕ በሰማይ ያየውን ይነግረናል» ብለው ማይኩን ሰጡት። ሦስት መቶ ሰው «ሃሌሉያ!» አለ። ገነቴ ከፊት ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች።

አሜን ብሎ ቢቀመጥ ማኅተሙ በእጁ ነው። ሐኪሞቹ ግን መልአክ የሚለውን ሲያነቡ በአንድ እብድ ፈንታ ሁለት እብድ ይመዘግባሉ።

«አንድ ነገር አይቻለሁ» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«መልአክ ነው በላ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ነው አልልም። አይደለምም አልልም።»

ከሴቶቹ በኩል እማማ ትርፊት «እንግዲህ ለምኑ ነው እልል የምንለው?» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ሆሴዕ ማይኩን መልሶ ተቀመጠ።

«ልንረዳህ ብንል አሳፈርከን» አሉት ጋሽ ተረፈ ደጅ ላይ።

«ጋሼ፣ ፊርማው የእኔ መሆኑን ብቻ ይመስክሩልኝ። በራሴ ጽሑፍ ላይ ያትሙልኝ።»

«አላውቅም የሚል ወረቀት ላይ የጌታን ቤት ማኅተም አላሳርፍም።»

ገነቴ የቤታቸውን በር ስትከፍት «መናገር ሲገባህ ዝም አልክ፤ ዝም ማለት ሲገባህ ተናገርክ» አለችው።

ሰኞ፣ ማኅተም የሌለውን ወረቀት ይዞ ዱራሜ ሄዶ ለጠና ሰጠው። ቦርዱ ማኅተም ባይኖረውም አነበበው። «ሕመም የለበትም» ብሎ የጠናን ፋይል ዘጋ፤ ወደ በረራ ግን አልመለሰውም። ጠና አሁን መሬት ላይ የአውሮፕላን ባትሪ ይሞላል።

ሆሳዕና ውስጥ ደግሞ ወሬው ሰፋ። አንዱ መልአክ የካደ አለው፣ ሌላው ጭንቅላቱ የተነካ። ፓምፕ የሚያመጣለት ጠፋ። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ክፍሉን ግን በየቀኑ ከፍቶ ይቀመጣል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እማማ ትርፊት ሬዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ገቡ።

«አንተ ሥራ ፈት፣ ይቺን እያት እስቲ። ሌሎቹ ‹ተሠርታለች› እያሉ ይሰጡኛል፤ ቤት ስደርስ ዝም።»

«እርስዎ ስቀውብኝ የለም እንዴ እማማ?»

«ስቄያለሁ። ታዲያ ሬዲዮኔ ምን አጠፋች?»

ሆሴዕ ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ አረፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሬዲዮኗን በካርቶን አድርጎ በጋሪ ወደ እማማ ትርፊት መንደር ወደ ሌሞ ወረደ። እማማ ትርፊት እንሰቱ መካከል ነበሩ፤ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። ባትሪው እንዴት እንደሚቀየር ሁለት ጊዜ አሳያቸው፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ቀየሩት። ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ሬዲዮኗን መስኮቱ ላይ አስቀመጠላቸውና፣ ባለጋሪው ፈረሱን ሳያዞር ደርሶ ተሳፈረ።