ከበሬው ጋር የተካፈሉት መድኃኒት

«ግማሹን ለበሬዬ ሰጠሁት» አሉኝ ዛሬ ከግራና የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ መርሳ ወዳለው መድኃኒት ቤቴ ሲመለሱ።

«ምነው አባባ! ሁሉንም ይጨርሱ ብዬዎት አልነበር?»

«እሱም ቆስሎ ነበራ! እሱ ከሞተ እኔ ድኜ በምን ላርስ ነው?»

መድኃኒት በግማሽ ሲቀር ባክቴሪያው እንደሚለምደው አስረዳኋቸው። ጠዋት ያነበብኩትንም ነገርኳቸው፦ ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘ ፕሮቲን የባክቴሪያውን ግድግዳ ይበሳዋል፤ ባክቴሪያው የለመደው አሮጌ መድኃኒት በዚያ ገብቶ ይገድለዋል። ገና እየተመራመሩበት ነው።

«እንደ ጥማድ በሬ በለኛ! አንዱ ብቻውን መቼ ያርሳል?»

እኔ ይህን ለመረዳት ስንት ገጽ አንብቤያለሁ!

በሬው ድኗል። እሳቸውን ወልድያ ሆስፒታል ላክኋቸው።

እናንተስ መድኃኒታችሁን ከማን ጋር ተካፈላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ። ዛሬ ለመቆጣትም አቅም የለኝም።