ከበር ውጭ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በአንዲት አዲስ ግሮሰሪ መስታወት ላይ «ከበር ውጭ መጠጣት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አየሁና፣ በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አስተናጋጇ «ምነው እማማ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ይህንኑ ቃል ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

ጣልያን ከጎንደር በወጣ በጥቂት ዓመት፣ አባቴ ሞቶ፣ እናቴ ጠላ እየሸጠች ታሳድገኝ ነበር። ቤታችን ከአንድ አልጋና ከሦስት ጋን በላይ ስለማይችል ጠጪው ሁሉ የሚቀመጠው አባቴ ደጃፉ ላይ በሠራው የጭቃ መደብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮሶዬ ገብስ ጭነው የሚወርዱት ገበሬዎች በአንድ እጃቸው ጣሳ፣ በሌላው የአህያቸውን ገመድ ይዘው፣ ጌሾው ጠንከር ያለውን ጠላዋን እያሞገሱ ፀሐይ ይሞቃሉ። አህያውን ደጅ ትቶ ቤት ገብቶ የሚጠጣ ገበሬ የለም። የሰፈሩ ሹም ማስታወቂያ ለጥፎ ከበር ውጭ መጠጣትን የከለከለ ቀን የእኛም ጉሮሮ አብሮ ተዘጋ።

ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ እናቴ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

«በር ነው የሚለው ወይስ ቤት?»

«በር ነው፣ እማ።»

«አጥርተሽ እዪው!»

«በር!»

«ሸጋ» አለችና መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

በማግስቱ፣ አያ ቢያድጌ ከሚባል የኮሶዬ ደንበኛዋ ጋር ሆና፣ አባቴ ከጣልያን ካምፕ ተሸክሞ ያመጣውን የቤታችንን ከባድ የሳንቃ በር ከነመቃኑ ነቅለው ከመደቡ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተከሉት። ግራ ቀኙ ባዶ ነው፤ አጥር የለ፣ ግድግዳ የለ። ዶሮዎቹ እንኳ በጎኑ ነበር የሚያልፉት።

ቅዳሜ መደቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የሹሙ ጸሐፊ ዘበኛ አስከትሎ መጣ። ዘበኛው፣ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ በሩን አንኳኳ።

«ይግቡ!» አለች እናቴ።

ሁለቱም ገቡ። ጸሐፊው እንደ በርበሬ ቀላ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሕግ ትቀልጃለሽ? እነዚህ ሰዎች ውጭ ናቸው!»

«ምነው ጌታዬ? ውጭማ የነበረው ያንኳኳው ነው።»

አያ ቢያድጌን ጠላው ትን አለው። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጸሐፊው እየተራገመ ሊወጣ ሲል እናቴ «በሩን ዘግተውልን ይሂዱ፣ ብርድ ይገባል» አለችው። ዘጋው! ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም።

ብርዱ የገባው በሌላ በኩል ነው። በሩን መንገድ ላይ የተከለች ሴት ለቤቷ በር የላትም። ያን ክረምት ደጃፋችን የበሬ ቆዳ ተጋርዶበት ከረመ፤ ንፋሱ እኔን እንዳያገኘኝ እናቴ ደጃፉን ዘግታ ተጋድማ ትተኛ ነበር። ያኔ የያዛት ሳል እስከ ሞቷ አልለቀቃትም። ቢሆንም በሩን ወደ ቦታው እንመልሰው ያላት ሁሉ ተሰድቦ ሄደ።

በኋላ መንገዱ ሲሰፋ መደቡም በሩም ሄዱ። የእኔ ቤት ዛሬ የብረት በር አለው፤ ቅዳሜ የሚያንኳኳው ግን የለም። ያቺን «ይግቡ!» ያለች ድምፅ እንዴት እንደምናፍቃት!

ለአስተናጋጇ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ወንበር አስወጣኋትና ከመስታወቱ በር በውጭ በኩል ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እዚህ እኮ ክልክል ነው» አለችኝ፣ ወረቀቱን እያሳየችኝ።

«አንብቤዋለሁ፣ ልጄ» አልኳት። «አንድ ቢራ አምጪልኝ።»